ለሽርሽር የወጣው መርከብ አስገቢ

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ አንተን ፊት ለፊት ማመስገን ስለማይቻል ነው። ገና «አባዬ፣ አንተ እኮ...» ብዬ ስጀምር «ተይ እስቲ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» ትላለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብብ። እማዬ ከጎንህ ሆና «ምን አለች? ምን አለች?» ማለቷ አይቀርም፤ ጮክ ብለህ አንብብላት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በጀልባ ለሽርሽር የወጣን ቀን አስጎብኚዋ እንደ ሕፃን ስትንከባከብህ የዋለችው በእኔ ምክንያት ነው። ጀልባውን ሳስይዝ የላኩልኝ ፎርም ላይ «ከተሳፋሪዎቹ መካከል የባህር ልምድ ያለው አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። እኔም «የለም፤ አባቴ ባህር ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው» ብዬ ሞላሁ። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ሰውን «እባክዎ እውነቱን ይሙሉ» የምል ሴትዮ! ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው አገር መርከብ ላይ እየወጣህ፣ ካፒቴኑ አጠገብ ቆመህ፣ በዚያ ሁሉ አለት መካከል ወደብ ስታስገባ የኖርከውን ሰውዬ!

ግን ምን ላድርግ? አንተን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጀልባ ላይ ካየህ ሥራ ይሰጥሃል። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ጀልባው ላይ ለምሳ ጋብዞህ፣ ምሳውን የበላኸው ቆመህ መንገድ እያሳየኸው ነው። ሥራ ላይ ከሆንክ ደግሞ ከአንተ ወሬ አይገኝም። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን የፈለግኩህ ለወሬ ነው።

ለብቻ የሚከራይ ጀልባ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ሌላ ተሳፋሪ የለ፣ የሚያቋርጠን የለ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ የትም አታመልጠኝም። እውነቱን ልንገርህ፤ በሆዴ የያዝኩብህ ቂም ነበረ። ካገባሁት ከዚያ ሰውዬ ጋር አራት ዓመት ኖሬ፣ በር ሲሰበር አይቼ፣ አንዲት ሻንጣ ይዤ ቤታችሁ ስመለስ ማንም «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። አንተም አላልክም። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ተኝቼ አንድ ነገር አስብ ነበር። ውሃ ሥር ያለ አለት የሚታየው ሰው ይህን እንዴት ሳያይ ቀረ? አይቶ ከሆነስ ለምን ዝም አለ? አምስት ዓመት ይህን ሳመላልስ ኖርኩ። ጀልባው ላይ ልጠይቅህ ነበር የተዘጋጀሁት።

እማዬ አስጎብኚ እንዳለን ስትሰማ ሳቀች። «ለቀባሪው አረዱት! እሱን ባህር ሊያስጎበኙት?» አለች። እሷ እንደሆነች ጀልባ በፎቶም ስታይ ያቅለሸልሻታል፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥራ ሸኘችን።

የጀልባ አከራዩ ቢሮ ጸሐፊ አስቀድማ ደውላልኝ ነበር። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አስጎብኚዋ አዲስ ናት፤ ጀልባውንም የምትነዳው እሷው ናት። የጀልባው ባለቤት ኋላ ተቀምጦ ይፈትናታል። ካለፈች ብቻዋን መውጣት ትጀምራለች፣ ካላለፈች ወደ ትኬት ቆራጭነቷ ትመለሳለች። ቅር ይልሻል?»

«ምን ቅር ይለኛል» አልኳት። ለአንተም ነገርኩህ። «ፈተና ነው?» ብለህ ብቻ ጸጉርህን በውሃ አበጠርክ።

የጀልባው ማቆሚያ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ሸሚዟን በደንብ ተኩሳ፣ ከንፈሯ ደርቆ ትጠብቀናለች። ሮጣ መጥታ የአንተን ላይፍ ጃኬት አነሳች። «አባባ፣ አይፍሩ እሺ? እጅዎን በዚህ ያስገቡ። ይኼኛው ማሰሪያ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው።» አንተም እጅህን ዘርግተህ ቆምክ። ቋጠሮውን አሳይታህ ፈታችውና ራስህ እንድታስረው ነገረችህ። አሰርከው። «ጎበዝ!» አለችህ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን ወደ ባህሩ አዞርኩ፤ አንተ ግን «አመሰግናለሁ ልጄ» አልክ፣ ከልብህ።

ከዚያ ወጣን። ቀኑ እንዴት ያምር ነበር! ገደሉ ነጭ፣ ውሃው ከሥሩ አረንጓዴ፣ ወፎቹ በየስንጥቁ ተደርድረው ይጨቃጨቃሉ። እሷ አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ በሌላው እያመለከተች ትናገራለች። ባለቤቱ ኋላ ተቀምጦ ገመድ የሚጠቀልል መስሎ ጆሮውን ጥሏል። ሦስቱን አለቶች «እህትማማቾቹ» እንደሚሏቸው ነገረችን። «አይ! እህትማማቾች?» አልክ፣ ስማቸውን ትናንት እንደሰማ ሰው። ዋሻው ጋ ስንደርስ «ይሄን ሁሉ እንዴት በቃልሽ ያዝሽው?» አልካት። ፊቷ በራ።

ድሮ አለት ላይ ተሰብራ የሰጠመችው መርከብ ጋ ስንደርስ ግን አላስቻለኝም። «ይቺ መርከብ በከባድ ማዕበል ነው የሰጠመችው» አለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንተ የሰማሁት ሌላ ነው፤ ባህሩ እንደ ወተት ረግቶ ነበር፣ ካፒቴኑ ግን እንቅልፍ ወስዶታል። አፌን ስከፍት እግሬን ረገጥከኝ። ቀስ ብለህም አይደለም! እስካሁን አውራ ጣቴ ጠቁሯል።

«እሷ እኮ ስህተት እየተናገረች ነው» ብዬ አንሾካሾክኩ።

«ለሞቱት ሰዎች ምን ለውጥ ያመጣል?» አልከኝ።

ስንመለስ ባህሩ ጎድሎ ነበር። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ ፈተናው ያለቀ መስሏታል። በገደሉና በትንሿ ደሴት መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ገባችና ወደ እኛ ዞራ ስለ ወፎቹ እንቁላል ታጫውተን ጀመር። ባለቤቱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እኔ ጥያቄዬን ልጀምር «አባዬ» አልኩህ። አልሰማኸኝም። ጀርባህ ቀጥ ብሏል፣ ዓይንህ ፊት ለፊት ውሃው ላይ ተተክሏል። እኔም ያንን ፊትህን ሳይ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጥኩ።

አልጮህክም። አልተነሳህም። እንደዚያው እንደተቀመጥክ፣ ለማወቅ በሚጓጓ ሽማግሌ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ይቅርታ ላቋርጥሽ፤ እዚያ ጋ ውሃው ለምንድነው መልኩ የተለወጠው?» አልካት።

ዘወር አለች። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ወረደ፣ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ የእማዬ እንቁላል በሙሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በግራችን በኩል ውሃ ሥር ጥቁር አለት አለፈ። እጄን ብሰድ የሚነካ ይመስል ነበር።

ልጅቷ መሪውን አቃንታ ያዘች። ከዚያ «እዚያ ጋ... አለት አለ አባባ። ባህሩ ሲጎድል ወደ ላይ ይቀርባል» አለች።

«እንደሱ ነው? ገባኝ» አልክና እንቁላል መልቀም ጀመርክ።

ማቆሚያው ደርሰን ስንወርድ እሷ ጎንበስ ብላ ገመድ ስታስር ባለቤቱ ወደ አንተ ተጠጋ። ባለቤቱ ሞኝ አይደለም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «አለቱን ያየችው ከጥያቄዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

የልጅቷ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። አንተ እንደማትዋሽ አውቃለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስቀር እንኳ የውሸት ፈቃድ አልፈረምክልኝም።

«በኋላ ነው» አልክ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ባለቤቱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝከው።

«አልጨረስኩም። እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት እዚህ ወደብ መርከብ አስገቢ ነበርኩ። ልጄ ፎርሙ ላይ ምን እንደጻፈች አላውቅም፣ እሷን በኋላ እናነጋግራታለን። በዚያ ሁሉ ዓመት መሪ ነክቼ አላውቅም፤ መርከቡ የካፒቴኑ ነው። ሥራዬ መጠየቅ ነበር። ጠይቄያቸው የሳቁብኝ ነበሩ፤ የአንዱ መርከብ እስከ ዛሬ ወደቡ መግቢያ ላይ ውሃ ሥር ተኝቷል። አለት ያላየ ሰው ነገ ያያል። ይቺ ልጅ ግን ስትጠየቅ አልሳቀችም፣ አልተከራከረችም። መጀመሪያ እጇ ዞረ፣ አፏ በኋላ መለሰ። እኔ ብሆን ልጄን ይዤ ከሷ ጋር እወጣለሁ። ወጥቻለሁም።»

ባለቤቱ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «ነገ ጠዋት ስምንት ሰዎች አሉሽ። ወደ ውሃው እንጂ ወደ ሰዎቹ አትዙሪ» አላት።

እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ወይኔ ጉዴ! ላይፍ ጃኬት አስተሳሰር አስተማርኩዎት እኮ!»

«ደህና አድርገሽ ነው ያስተማርሽኝ» አልካት።

አባዬ፣ ሁላችሁም ስትስቁ እኔ ለምን ፈዝዤ እንደቀረሁ መኪና ውስጥ ጠየቅከኝ፤ «ባህሩ አዙሮኝ ነው» አልኩህ። ውሸቴን ነው። «ጠይቄያቸው የሳቁብኝ ነበሩ» ስትል ነው የፈዘዝኩት። ከሠርጌ በፊት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ያልከኝ ትዝ አለኝ። ያ ሰውዬ ካርታ ሲጫወት ማምሸት ይወድ ነበር፤ አንተ ጫማህን እያሰርክ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ልጄ፣ ሲሸነፍ እንዴት ነው?» አልከኝ። እኔም ከት ብዬ ሳቅኩ። «ላገባው ነው እንጂ ካርታ ላጫውተው ነው እንዴ!» አልኩህ። ሌላ አልጨመርክም። ሕይወቱ የእኔ ነበርና መሪውን አልነካህም። እኔ ግን ዝም አለ ብዬ አምስት ዓመት ቂም ያዝኩብህ።

አይተህ ነበር። ነግረኸኝም ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ አባዬ። እንዳንተ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህን ደግሞ «ሻይሽ ቀዘቀዘ» ብለህ ልታቋርጠኝ አትችልም።

አንድ ነገር ቀረኝ። አሁን አንድ ሰው አለ። እማዬ እልል ከማለቷ በፊት ንባቡን ጨርስ። ገና ምንም አልተወሰነም፤ እሺም አላልኩትም። መጪው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይዤው እመጣለሁ። እንደ ልማድህ ጥግ ላይ ተቀመጥና ዝም ብለህ እየው። እሱ ሲሄድ ጠይቀኝ። የፈለግከውን ጠይቀኝ።

አልስቅም።

ልጅህ