ለቁመቴ ለተጨነቀው የምዘና ኮሚቴ

ለቅርጫት ኳስ ክለባችን የተጫዋቾች ምዘና ኮሚቴ ክቡራን አባላት፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ዕድሜያችሁን፣ ጤናችሁን፣ በተለይም ያቺን ቢጫ ሜትራችሁን ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ እመኛለሁ።

እኔ ከሜዳው ማዶ ባለችው ጠባብ ፀጉር ቤት፣ የረጃጅም ደንበኞችን አናት ለመድረስ የእንጨት መርገጫ ላይ ቆሜ የምሠራው ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጓደኞቹ «ፌንጣ» የሚሉት፣ ከቡድናችሁ ሁሉ በዕድሜ ያንስ የነበረው ተጫዋች ልጄ ነው። ባለፈው ወር በክለቡ በር ላይ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ «የረጅም ጊዜ ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ» እንዳሰናበታችሁት ስላበሰራችሁን፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጁን ልትመዝኑ እሱኑ አስከትላችሁ ፀጉር ቤቴ መጥታችሁ እኔን ስለለካችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ። ደንበኛዬን ፀጉሩ በግማሽ እንደተቆረጠ ትቼ፣ ከመርገጫዬ ወርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ ግድግዳ እንድደገፍ ስትጋብዙኝ፣ እኔ ሞኙ ለወላጆች ሸሚዝ ልታሰፉ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ለካስ ልጅ ከአባቱ አይረዝምም የሚል ሳይንስ ይዛችሁ ኖሯል። ድንቄም ሳይንስ! ቁጥሩ ሲነበብ አንደኛው አባላችሁ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

2ኛ. «ያባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ቁመትም ከዕዳው እንደሚቆጠር ያስተማራችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ። አምበሉ እግሩን በተጎዳ ጊዜ ቡድኑን ማን እንደተሸከመው ለማወቅ ሜዳ መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ሜዳው ደግሞ ፀሐይ አለው፣ ክቡራን አባላትም ጥላ ይወዳሉ። አልፈርድባችሁም።

3ኛ. አሰልጣኙ ይህ ልጅ ነገ ቡድኑን የሚመራ ነው እያለ ሲሟገታችሁ «አንተ ሥራህን ሥራ» ብላችሁ ማሳረፋችሁ ይበል የሚያሰኝ ነው። በልጄ ምትክ ያመጣችሁትም ወጣት ረጅም መሆኑን አልክድም፤ ኳስ ሲወረወርለት ዓይኑን የሚጨፍነው ምናልባት ስለ ወደፊቱ እያሰበ ይሆናል።

4ኛ. ልጄ ማስታወቂያውን ካነበበ በኋላ ማልያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ ለእናቱ ሰጣትና ሳምንት ሙሉ ኳስ በእጁ አልነካም። ማታ ማታ እኔ እንዳላፍር ብሎ ሳቅ ሳቅ ይልልኛል። ይሄኛውን እንኳ ማመስገን አልቻልኩም፤ አንገብግቦኛል።

በቀጣዩ ምዘናችሁ አያቶችን ለመለካት ስትነሱ መደገፊያ ቢያስፈልጋችሁ፣ ግድግዳዬ ምንጊዜም ክፍት መሆኑን በትሕትና አረጋግጣለሁ።

በሜትራችሁ አጭር ሆኖ የተገኘው፣
እስካለፈው ወር ደጋፊያችሁ የነበረው፣
ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ

ማሳሰቢያ፦ ልጁን ያሳደግኩት እንጂ የወለድኩት አይደለሁም፤ የእንጀራ አባቱ ነኝ። ነፍሱን ይማረውና ወላጅ አባቱ ደንበኛዬ ነበር፤ በፀጉር ቤቴ በር ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር፤ መርገጫዬንም ያሠራሁት ለእሱ ብዬ ነው። ሜትራችሁን ዘርግታችሁ «አባትህ ይሄ ነው?» ስትሉት፣ ለምን እንደምትለኩ እያወቀ፣ ልጁ ሳያቅማማ «አዎ» አላችሁ። ኋላ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ «እውነቱን ነው የነገርኳቸው» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ለተቀናቃኞቻችሁ ፈርሟል፤ እነሱ ስለ አባቱ ሳይጠይቁ ኳስ አቀበሉት። ስትገጥሙ መርገጫዬ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ እናንተም ሜትራችሁን ይዛችሁ ኑ።