መንጃ ፈቃድዎን ይመልሱ

ኦሳካ፣ በዝናቡ ወር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? እርጥበት ሲበዛ እንደሚነሳብህ ስለማውቅ ጠዋት መስኮት ስከፍት መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። እኛ ደህና ነን። ቺሃያ በቁመት አልፋኛለች፤ በአፍ እንኳ ድሮ ነው ያለፈችኝ። "አጎቴ ምነው ጠፋ?" ትለኛለች፣ "ሥራ በዝቶበት ነው" እላታለሁ። ውሸቴን ነው።

ለአባባ ሙት ዓመት ዘንድሮ አልመጣም ማለትህን ከጌም ቤቷ ባለቤት ከእማማ ኩዋባታ ሰማሁ። ስልክ ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። እውነቱን ልንገርህ፣ አለማንሳትህ ገላግሎኛል። አማጋሳኪ በባቡር ስንት ደቂቃ ሆና ነው፣ መጥቼ በርህን ላንኳኳ ብል ግን እግሬ እንቢ አለኝ። በምን ፊቴ? ስለዚህ ይኸው እጽፍልሃለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በልጅነታችን እማማ ኩዋባታ ጌም ቤት ውስጥ ተጎራብተን ተቀምጠን፣ አንተ መኪናውን እየነዳህ እኔ እየተኮስኩ የምንጫወተው "ጥቁር ጎዳና" ለዘንድሮዎቹ የቤት መጫወቻዎች እንደገና ተሠርቶ ወጥቷል። ለምርቃቱ የድሮ ጎበዞችን ሲያፈላልጉ እማማ ኩዋባታ ስማችንን ሰጧቸው። ስማችንን ነው የምልህ፣ ስሜን አይደለም። ግብዣው ለሁለታችንም ነበር ወንድም ጋሼ። "ወንድሜ አይመቸውም" ብዬ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ እንደሚመጡ ነግረውኝ ነበርና ጥፍርህ ውስጥ ያለው የማሽን ዘይት ታየኝ፤ ያ አዳራሽ የሚሞላው ሳቅህ ተሰማኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

መድረኩ ላይ መድረክ መሪው "ሹፌርዎስ የት አሉ?" ሲለኝ ዝም ብል ምን ነበረበት! "እሱ? እንኳን መኪና ጋሪም አያነዳ! እንደ ሰካራም መሪውን ሲያወዛውዝ እኔ ነበርኩ እየተኮስኩ የማተርፈው" አልኩ። ሰው ሳቀ። ሲስቅልኝ ጊዜ ጨመርኩበት። ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ለኔ "ድንቅ ተኳሽ"፣ ላንተ "መንጃ ፈቃድዎን ይመልሱ" የሚል ጽሑፍ ይወጣ እንደነበር፣ የሰፈር ልጆችም በዚያ ስም ይጠሩህ እንደነበር እየቀባባሁ ተረክሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንተ ለካ ከእማማ ኩዋባታ ሰምተህ መጥተህ ከኋላ ቆመህ ትሰማለህ።

ከዚያ አስቀመጡኝና ተጫወቺ አሉኝ። ሺንጎ የሚባል፣ በውድድር ስም ያወጣ ወጣት ሊነዳልኝ ከጎኔ ተቀመጠ። አነዳዱ ልክ እንደ ውሃ ነው፤ መስመር አይስት፣ ጠርዝ አይነካ። እኔ ግን አንዲት መኪና መምታት አቃተኝ። ታስታውስ የለ፣ ጠመንጃው መኪናው አፍንጫ ላይ የተተከለ ስለሆነ ግራ ቀኝ እምብዛም አይዞርም። ጥይቴ ሁሉ አስፋልት ላይ አለቀ። ሺንጎ በትህትና "አይዞዎት እትዬ፣ እጅዎ እስኪሟሟቅ ነው" አለኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ "ሴትየዋ ራሷ ናት ወይስ ጎረቤቷን ነው የላከችው?" ሲል ሰማሁት። እኔም "የድሮው ጠመንጃ ክብደት ነበረው፤ ይሄ ምን መያዣ አለው" ብዬ በእጀታው አመካኘሁ።

ስወጣ እማማ ኩዋባታ በር ላይ ጠበቁኝ። "ወንድምሽ 'ይቺን ይስጡልኝ' ብሎኝ ሄደ። ፊቱ ልክ አልነበረም" ብለው ከረጢት አስጨበጡኝ። ከግቢያችን ዛፍ የለቀምከው ወሽመላ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ነጭ የሥራ ጓንቶች ነበሩ፤ ያን ጊዜ መሪ ስትይዝ የምታደርጋቸው ዓይነት፣ ታጥበው ታጥፈው። ወንድም ጋሼ፣ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ጓንት ምን ያደርግለታል? ባቡር ላይ ከረጢቱን ታቅፌ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ተነስተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።

ጌሙን ገዛሁት። ጥፋቱ የእጀታው ነው ያልኩትን ለራሴ ላስረዳ ይሆናል፣ እንጃ። እሁድ ከምሳ በኋላ ከቺሃያ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ልጅቷ ከመረብ ኳስ ቡድኑ ከቀነሷት ወዲህ የሚያስደስታት ነገር ጠፍቶ ነበርና ጠመንጃውን ለሷ ሰጥቼ መሪውን እኔ ያዝኩ። እንደ ሺንጎ ቀጥ አድርጌ ነዳሁላት። ትተኩሳለች፣ ትስታለች። ደግማ ትተኩሳለች፣ ትስታለች። ከንፈሯን ነክሳ "ተይው እማዬ፣ ድሮም ለኔ ምንም አይሆንልኝም" ብላ እጀታውን ልታስቀምጥ ስትል እጄ ሳላዘው መሪውን አዞረ። የመኪናችንን አፍንጫ ከፊት ከሚሄደው ከባድ መኪና ጀርባ ጋር አገጣጠምኩት። ተኮሰች፤ ፈነዳ! ጩኸቷ ጎረቤት ተሰማ። ከዚያ ወደ ግራ ወሰድኳት፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። ጠርዙን እየፋቅኩ፣ የኔ ነጥብ እየተቀነሰ፣ የምትመታውን ሁሉ ከፊቷ አቆምኩላት። ድልድዩ ላይ ስንደርስ "እማዬ፣ አነዳድሽ ግን እንደ ሰካራም ነው! እኔ ባልኖር አልቆልሽ ነበር እኮ" አለችኝ።

መጨረሻ ላይ ለሷ "ድንቅ ተኳሽ" አላት። ለኔ "መንጃ ፈቃድዎን ይመልሱ" የሚለው ወጣ። በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለች፤ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር ሳቋን ከሰማሁ። እኔ ምንም አላልኳት።

አንተም ምንም ብለኸኝ አታውቅም። አባባ በሞተበት ዓመት፣ ከሰው ጋር መነጋገር ባቆምኩ ጊዜ ነበር እጄን ይዘህ እማማ ኩዋባታ ጋ የወሰድከኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲስቅብህ አብረህ ትስቅ ነበር። እኔም ከነሱ ጋር እስቅ ነበር።

ከዚያ እሁድ ወዲህ አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ "የኪዮቶው አጎታችን ያስተምርሻል፤ አንቺ ብቻ አጥኚ" ብለኸኝ ነበር፤ አንተ ትምህርትህን ትተህ ቶርኖ ቤት በገባህ በዚያው ዓመት። አጎታችንን አንድ ቀን እንኳ አመስግኜው እንደማላውቅ ትዝ አለኝና ባለፈው ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ሳልጨርስ መልሼ አስቀመጥኩት። የከፈልክልኝ አንተ ከሆንክ፣ ከሱ አፍ ከምሰማው ካንተ ብሰማው ይሻለኛል።

ለአዘጋጆቹ ደውዬ ወንድሜ ያልመጣው እኔ ስለዋሸሁ ነው አልኳቸው። ለባልደረቦቼም ተናገርኩ፤ ማን ፊት ለፊት ሊያየኝ ፈለገ! ይሁን፣ የሥራዬ ነው። ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ እንኳ በቤቴ ሆነህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጓንቶችህን በፖስታ አልልክልህም። ቴሌቪዥኑ ፊት፣ በሹፌሩ በኩል፣ ትራሱ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ቺሃያ እንኳ እንድትነካቸው አልፈቀድኩም። ለአባባ ሙት ዓመት ና። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ እንደ ድሮው ከጎኔ ቁጭ በልና ንዳልኝ። ብስትም ግዴለም፣ አንዴ እንኳ ቀጥ አድርገህ ንዳ።

ወገብህን ይማርልህ፤ እጅህንም ከማሽኑ ይጠብቅልህ። የአባባ ነፍስ ከበርህ አትራቅ።

መንጃ ፈቃዷን የመለሰችው
ታናሽ እህትህ