የልብስ ሰፊው ፉጨት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ጤናሽ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ። የሳንባ ነቀርሳውን መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ አክታህ ንጹሕ ነው ተብያለሁ።

ሐኪሟ ራጁን ስታሳየኝ ግን ሳንባዬ ላይ ቀዳዳ አየሁ። «ተህዋሲያኑ ናቸው እንዲህ የበሉኝ?» አልኳት።

«ብቻቸውን አይደሉም። አብዛኛውን ጉዳት ያደረሱት የራስህ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሊያድኑህ ሲዋጉ ሳንባህንም አብረው ጎዱት» አለችኝ።

ለካ ሌባ አባርራለሁ ብሎ ቤቱን የሚያፈርስ ዘበኛ ቀጥሬ ኖሯል። ስቄ ወጣሁ።

ሥራ ደህና ነው። አልጋዬን ከፎቅ አውርጄ ከስፌት መኪናው አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ለሥራ ይቀላል። ትናንት ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው በሬን ገፋ አድርጎ፣ «አለህ እንዴ? ስታፏጭ ስላልሰማሁ ዘግተህ የሄድክ መስሎኝ» አለኝ።

«ዜማው ጠፍቶብኝ ነው» አልኩት።

አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂልኝ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትመጪ ግን እንደ ድሮው ፉጨቴን ከመንገድ እሰማለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ቤቱ ጭር ቢልብሽም ሳታንኳኪ እንዳትመለሺ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ