ከግድግዳው ውጭ የሰማነው ጎል

ለውድ ወንድሜ ለታራስ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሜላኒስ፣ ልጅህ ዳሪያዬስ እንዴት ናቸው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሣው? የልጅቷስ ሳል ለቀቃት? የቶሮንቶ ብርድ ብርድ አይባልም እያልክ ትኩራራብናለህ፤ ቢሆንም ካለ ኮፍያ አትልቀቃት። እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ሬዲዮናቸውን ይሰማሉ። እሳቸው ከተቆጡ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ታውቃቸዋለህ። እኔም ያው የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ እየነዳሁ አለሁ። አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ከኋላዬ ሲጮህ ይውላል፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን አልደነቆረም፣ እግዜር ይመስገን።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር «ሌስያ፣ አትቀልጂ» ብለህ ታቋርጠኛለህ፣ እኔም እናደድና እዘጋብሃለሁ፤ ከዚያ ተኳርፈን እንሰነብትና አባባ ናቸው የሚያስታርቁን። ወረቀት ላይ ማቋረጥ የለም። አርፈህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የወንበሮቹ ጉዳይ ነው። ስታዲየሙ ከተከፈተ ጀምሮ የአባባና የእማማ የነበሩት ሁለቱ ወንበሮች። እማማ ካረፉ ወዲህ የሳቸው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተ ከዚህ ከወጣህ በኋላ የዓመት ቲኬት ዋጋ እንዴት እንደተሰቀለ ብነግርህ አታምነኝም። ለምን ተወደደ ካልከኝ፣ የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ድሃ ስለሆነ ነው። አትሳቅ፣ የምሬን ነው። እናንተ ጋ የሚወደደው ፈላጊው ስለበዛ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ፣ ያለነው ሰዎች የሌለውንም ሰው ድርሻ እንክፈል ተባልን። ተጫዋቾቹ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት በአሜሪካ ዶላር፣ እኛ የምንከፍለው በራሳችን ሳንቲም። አንድ ጎበዝ ልጅ ብቅ ሲል ገና ስሙን በደንብ ሳንለምደው ሀብታሞቹ መጥተው ይወስዱታል። አባባ «እኛ እኮ ሞግዚት ነን፤ አሳድገን እንሰጣለን» ይላሉ። ይህም ሳይበቃ የቡድኑ ባለቤት ወንበሩ ካልሞላልኝ ቡድኑን ይዤ ወደ ደቡብ እሄዳለሁ፣ በረዶን በመጠጥ ብርጭቆ ብቻ ወደሚያውቁት ሰዎች፣ እያለ በየዓመቱ ያስፈራራናል። ዘንድሮ ደግሞ ሁላችሁም ለሦስት ዓመት ፈርሙ፣ ያልፈረመ ወንበሩን ይልቀቅ አለን። ወዲህ ብትል ገደል፣ ወዲያ ብትል ገደል።

አንተ እዚያ ያገኘህልኝ ሥራና ቤትህ ምድር ቤት ያለችው ክፍል ከአእምሮዬ ወጥተው አያውቁም። እስከ ፋሲካ መልስሽን ንገሪኝ ብለኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ መጋረጃዋ ምን ዓይነት ቀለም ቢኖረው እንደሚያምር ሁሉ አስቤያለሁ። ከፈረምኩ ግን ሦስት ዓመት ከዚህ ንቅንቅ የለም። አባባ ሲመሽ ዓይናቸው አያይም፤ መንገዱ በረዶ ነው፤ እኔ ካልነዳኋቸው ማን ይነዳቸዋል? አብረውኝ ይምጡ ብለህ ነበር፤ ጠይቄያቸዋለሁ። «ለኔ የሚመጣው መኪና ጥቁሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ቶሮንቶ አይሄድም» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እማማ ካረፉ ወዲህ ቶሮንቶዎቹ ወደኛ ሲመጡ የዚያን ማታ ቲኬታችንን እንደምንሸጥ ታውቃለህ። እዚህ የማይሸጥ ሰው የለም። የእናንተ ሰዎች አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ሆቴል አድረው፣ ከኛ ላይ ገዝተው ቢያዩ እንኳ እቤታቸው ከሚያዩት ይረክስላቸዋል። ለኛ ደግሞ የዚያች ማታ ሽያጭ ነው የቀረውን ዓመት የሚያስገባን። ዘንድሮም በመከር ከአባባ ጋር ተስማምተን ሸጥነው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው የነዚያን ፊት ከማይ ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል ብለው አለፉት።

የጨዋታው ቀን ግን ምሳ እንደበላን ጢማቸውን ተላጩ፣ ቀዩን ማሊያ ከወፍራሙ ሹራብ በላይ ለበሱና በር ላይ ቆሙ። ረስተውት መሰለኝ። «አባባ፣ ቲኬቱን እኮ ሸጠነዋል» አልኳቸው።

«ቲኬቱን ነው እንጂ ጆሮዬን አልሸጥኩም» አሉኝ። «ከነሱ ጋር ስንጫወት ነው ከእናትሽ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት። ደጁ ድረስ ውሰጂኝ።»

ፔርሙስ ሻይ ሞላሁ፣ ከትናንት የተረፈውን በድንች የተሞላ ፒሮሂ በቅቤ አሙቄ ጠቀለልኩ፣ ፒካፑን አስነሥቼ ሄድን። ስታዲየሙ ጎን ካለው የመኪና ማቆሚያ ገብተን፣ ሞተሩን ሳናጠፋ፣ ሬዲዮ ከፍተን ተቀመጥን። የቶሮንቶን ሰማያዊ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ እየሳቀ በፊታችን አለፈ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አልዋሽህም፤ አንዱማ መስታወቱን አንኳኩቶ መግቢያው በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀን። አባባ እስከ ደረጃው ድረስ አስረዱት፤ ደረጃው ላይ የሚያንሸራትት ቦታ አለ፣ ተጠንቀቅ ብለው ሸኙት።

ትንሽ ቆይቼ ወደ ቀኝ ዞር ስል ጋሽ ኔስቶር በራሳቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ከኛ ወንበር በስተግራ የሚቀመጡት፣ እኚያ ጮክ ብለው የሚያስነጥሱት። ከሳቸው አለፍ ብሎ እትዬ ስቴፋ ብርድ ልብስ ተከናንበው አሉ። ከኋላችንም ሌሎቹ። ታራስ፣ የረድፋችን ሰው በሙሉ ማቆሚያው ውስጥ ነበር! ሁሉም ሸጧል፣ ሁሉም እቤቱ መቀመጥ አቅቶታል። እንዳፈረ ሰው መጀመሪያ ዓይን ለዓይን መተያየት ፈራን። በኋላ እትዬ ስቴፋ መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው ፒሮሂው ሸተተኝ፣ ብቻችሁን ልትበሉት ነው ወይ ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። አንድ የጥበቃ ልጅም መጥቶ እዚህ የሚቆመው ቲኬት ያለው መኪና ብቻ ነው አለን። እትዬ ስቴፋ «ልጄ፣ ቲኬታችንማ ውስጥ ተቀምጧል። ውጭ የቀረነው እኛ ነን» አሉት። ልጁ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ሬዲዮው ከጨዋታው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ጋዜጠኛው ገና ጥቁሯ የሆኪ ጎማ በረዶው መሐል ላይ ናት እያለ፣ በድንገት ከግድግዳው ውስጥ ጩኸት ወጣ፤ መኪናውን የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት። አባባ ምንም አልጠበቁም። «ገባ!» ብለው በላዬ ላይ ተንጠራርተው ክላክሱን አስጮሁት። ጋሽ ኔስቶርም አስጮሁት። እትዬ ስቴፋም፣ ከኋላ ያሉትም፣ ማቆሚያው በሙሉ ክላክስ በክላክስ ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ጩኸት ሲወጣ የኛ ጎል ነው፤ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ለማን ትዝ ይለዋል? እኔም ጮኼአለሁ። ከዚያ ጋዜጠኛው ደረሰበት። ያገቡት ቶሮንቶዎች ናቸው።

ክላክሱ አንድ በአንድ ዝም አለ። የአባባ እጅ ግን እዚያው መሪው ላይ ቀረ፤ አንሥቼ ጓንታቸውን አጠለቅኩላቸው። ጋሽ ኔስቶር ኮፍያቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው ወደ ሌላ ወገን አዩ። በገዛ ቤታችን የሚጮኸው ማን እንደሆነ መለየት አቃተን፣ ወንድሜ። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥናቸውም ራሳችን ነን።

በኋላ እኛም አንድ አገባን። በግድግዳው በኩል ምንም አልመጣም፤ የሰማነው ከሬዲዮው ነው። አምነን ክላክስ ለማድረግ እንኳ ተፈራርተን፣ ጋዜጠኛው እንደገና እስኪናገር ጠበቅን። ያኔ ሁላችንም አስጮህነው፤ ግን ደስታው ቀዝቅዞ ነበር። በመጨረሻም ተሸነፍን።

ስንመለስ አባባ፣ እማማ የሞቱ ሰሞን የሆነውን እያሰቡ ነበር መሰለኝ። ለቀብር መጥተህ፣ ለኔና ላንተ ሌላ ቲኬት ገዝተን አብረኸን ገብተህ ስለነበር ታስታውሰዋለህ፤ ከረድፉ ሰው ሲሞት እንደሚደረገው የእማማን ማሊያ ወንበራቸው ላይ አለበስን፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ጋሽ ኔስቶርም ሻይ ገዝተው ስኒውን ከወንበሩ ሥር አስቀመጡላቸው። ሰፈራችን ስንደርስ «ሌስያ» አሉኝ፤ «አትፈርሚ። ወንድምሽ ጋ ሂጂ። እኔ ቤቴ ሆኜ በሬዲዮ እሰማለሁ።»

እንግዲህ የፈለግኩት ይኸው አልነበረም? በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቢከለክሉኝ ኖሮ ተጣልቼም ቢሆን እሄድ ነበር፤ ሂጂ ሲሉኝ ግን እግሬን ያዙኝ። እኛ ከለቀቅን ጋሽ ኔስቶር ይለቃሉ፣ እሳቸው ከለቀቁ እትዬ ስቴፋ። እነዚህ ሰዎች ቤት ለቤት አይተዋወቁም፤ ከዚያ ረድፍ ሌላ የሚገናኙበት ቦታ የላቸውም። ነገ አባባ የሞቱ ቀን ማሊያቸውን የት ነው የማለብሰው? በማያውቃቸው ሰው ወንበር ላይ?

ማክሰኞ ሄጄ ፈረምኩ። ለሦስት ዓመት። ይኸው አሁን ተናደድ፣ ሳህን አትስበር እንጂ። ፈርሜ ስወጣ ኮራሁ ብልህ ውሸት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ልጆቹን ለማምጣት ሄድኩ። ያቺን ክፍል አከራያት፤ ለኔ ብለህ ባዶዋን አታስቀምጣት፣ ሳስባት ይብስብኛል። ለአባባ ስነግራቸው «ሞኝ» አሉኝና ፊታቸውን አዙረው ሬዲዮናቸውን ከፈቱ።

ደግሞ የሚመጣው ዓመት የቶሮንቶን ጨዋታ አልሸጥም። እንዴት እንደምከፍለው እኔ አውቃለሁ፤ በበጋው ትርፍ መንዳት አለ፣ አንተን አላስቸግርም።

ጋሽ ኔስቶርና እትዬ ስቴፋ ሰላም በይልን ብለዋል። አባባ ግንባርህን ስመውሃል፤ ለወገብህ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥበት ብለዋል። ሜላኒን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችው ሻርፕ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ዳሪያዬን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝና የምልህን ንገራት። እዚያው የቶሮንቶ ስታዲየም አፍንጫ ሥር እየኖረች አንድ ቀን ገብታ እንደማታውቅ፣ ዋጋው የሚቀመስ እንዳልሆነ ነግረኸኛል። ስለዚህ ቶሮንቶዎቹ ሲመጡ እሷም ከነሱ ጋር ትምጣ። በአያቷ በእማማ ወንበር ላይ፣ ከአባባ ጎን ትቀመጣለች። ሰማያዊ ማሊያዋን አታውልቅ፤ እንደልቧ ትጩህ፣ አባባ አይቆጧትም። ያሉን ወንበሮች ሁለት ብቻ ስለሆኑ እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ እሰማለሁ። ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ የሷን ድምፅ ለመለየት እሞክራለሁ።

እህትህ ሌስያ
ፎርት ካርዌል፣ ማኒቶባ
ማርች 9 ቀን 2019