የአያ ፈንታ ገጽ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 1989

ሙጫ የለም። ዳይሬክተሩ «ለታሪክ ክበብ በጀት አልተያዘም» ሲለኝ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ። ልጆቹ ዘንድሮም ዱቄት በውኃ አፍልተው አመጡ። የክበቡን ንብረት እስቲ ልዘርዝረው፣ ቢያንስ ልሳቅበት፦ አንድ የአፍሪካ ካርታ (ምዕራቡን አይጥ በልቶታል)፣ ከቡሬ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያስጫንኳቸው ባዶ ካርቶኖች፣ ሲባጎ፣ የራሴ መቀስ፣ አንድ ባለ ጥቁር ሽፋን ትልቅ ደብተር።

ደብተሩ ግን ሀብት ነው። አሥር ልጆች ለጥምቀት ወደየቀያቸው ሲሄዱ አንድ አንድ ሽማግሌ ጠይቀው ጽፈውበታል። ጥያቄው ይህ ነበር፦ በንጉሡ ጊዜ በአገሩ ምን ሥራ ነበራችሁ? አንድ ሕግም ሰጥቻቸው ነበር፦ የመሰላችሁን ሳይሆን የተነገራችሁን ጻፉ።

ነገ የክበባት ቀን ነው። ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ የእናኑን መረጥኩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ከገጠር ስንቋን ተሸክማ እየመጣች፣ እዚህ ቤት ተከራይታ ትማራለች። የጠየቀችው አያቷን አያ ፈንታን ነው። ጭቃ ሹም ሆነው የአጥቢያውን ግብር ስለሰበሰቡበት ዓመት ነግረዋታል። ጽሑፉ ረዝሞ ካርቶኑ አልበቃ አለ። «ይቺን የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ዝለያት፣ ከ‘ጭቃ ሹም ሳለሁ’ ጀምሪ» አልኳት። ቅር እያላት ዘለለቻት።

ዓርብ

ስድስት ወላጅ መጣ። የስፖርት ክበብ ኳስ ስላለው ሰው ሁሉ እዚያ ነው።

አንድ አንባቢ ግን አገኘን! የዝናብ ቡትስ ያደረገ፣ ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ የሰካ ሰው። የእናኑ ጽሑፍ ፊት ብዙ ቆመ። ማስታወሻ አውጥቶ ቃል በቃል ገለበጠው። «ማነው የጻፈው?» ሲል ደስ ብሎኝ እናኑን ጠርቼ አቆምኩለት። «ጎበዝ» አላት። ለልጆቹም አንድ ሰው እንኳ ከገለበጠ ድካማችን ከንቱ አይደለም አልኳቸው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

እናኑ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገባች። ስንቅ አልያዘችም። ዓይኗ አብጧል። ካርቶኗን ከግድግዳው አንሥታ ቀዳደደችው።

ያ ሰው የቀበሌያቸው የመሬት ሽግሽግ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ትናንት በስብሰባ ላይ የገለበጠውን አነበበ። አያ ፈንታ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ተመዘገቡ። የወንዝ ዳሩን ማሳ ሊቆርጡባቸው ነው፤ ቤተሰቡ ዓመቱን የሚዘልቀው በእሱ ነው። ቅዳሜ ይለካል።

«ቲቸር፣ አንድ ቃል አልጨመረም። የኔን ጽሑፍ ነው ያነበበው» አለች። ከዚህ የባሰ ምን ልትለኝ ትችላለች?

ደብተሩን አውጥቼ የዘለልናትን አረፍተ ነገር አነበብኳት። «ወድጄ አይደለም፣ ተራዬ ደርሶ ነው ጭቃ ሹም የሆንሁ።» በዚህ አገር ጭቃ ሹምነት በርስተኞቹ መካከል በየዓመቱ የሚዞር ተራ ነበር። ግብሩ ቢጎድል ከኪሱ የሚሞላው ባለተራው ነው፤ ሰው የሚሸሸው ነገር ነበር። አሥሩም ሽማግሌዎች ተራ ደረሰን ብለዋል። ይህን እኔ አውቃለሁ። አውቄ ነው የቆረጥኩት፣ ለአንድ ካርቶን ስል።

ማክሰኞ

ለኮሚቴው ማስረጃ ጽፌ ማኅተም ጠየቅኩ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ መለሰልኝ። «አንቺ ታሪክ አስተምሪ። መሬቱን ለባለመሬቱ ተይው።» ባለመሬቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሚካኤል

ገበሬው በዓል ይዞ ቤቱ ስለሚውል ከእናኑ ጋር ወደ አገሯ ሄድኩ። አያ ፈንታ ሲያዩኝ ከመደቡ ተነሡልኝ። ኧረ አይነሡ ብል ማን ሰምቶኝ፤ «አስተማሪ ቆማ?» አሉ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ነገርኳቸው። ለልጅቱ ጉራ ነዝቼ ነው፣ ሹም ሆኜ አላውቅም ይበሉ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉ።

የወለዱት አጠገባቸው ተቀምጣለች። አቀረቀረች። እሳቸውም አዩዋትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «አልሁ፤ አልሁ ነው። ምን ላርግሽ?»

ያኔ የደብተሩን ነገር አነሣሁ። ዘጠኝ ሌሎች ሰዎች አሉበት፣ ሁሉም በተራቸው ጭቃ ሹም ነበሩ። የሰብሳቢው አባት ሳይቀሩ! ከመሞታቸው በፊት ያሉትን ጎረቤታቸው ለአንዱ ተማሪ ተናግሯል። ይህ ቢነበብ እርስዎን ብቻ መለየት አይችሉም አልኳቸው።

«እሱንማ አውቀው የለ። ከኔ ቀጥሎ ነው የደረሰው፣ ተራውን ከነከበሮዬ አስረክቤዋለሁ» ብለው ሳቁ። አዋጅ የሚጎሰምበትን ከበሮ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «እኔን ለማዳን ነው ወይስ ዘጠኙን ለመጨመር? የሰብሳቢው እናት መበለት ናት። ተይው ልጄ። ደብተሩን ደብቂው።»

ከእናኑ ጋር ሁለት ሰዓት በእግር ተመለስን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ማኅተም የሌለውን ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ሰብሳቢው ጽሑፉን ሳያነብ ግርጌውን አይቶ «ማኅተም የለውም» ብሎ መለሰልኝ። በገመድ ለኩ። አያ ፈንታ ወሰናቸው ላይ ቆመው አዩ። ገመዱ ሲጣመም «ወደ ቀኝ ሳቡት» አሉ፣ የሰው ማሳ እንዳይነካ ብለው! እኔ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

ስመለስ ሰብሳቢው ተከተለኝ። «ሌሎችም የተጻፉበት ደብተር አለ ይባላል። ሰኞ ሰው እልካለሁ።» የአባቱ ስም እንዳለበት ያውቅ ይሆን? ዓይኑን አየሁት። የሚያውቅ አይመስልም።

እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

አከራዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ማድቤታቸው ውስጥ እሳት ነበር። ደብተሩን ቅጠል በቅጠል ማገድኩት። ሽፋኑ አልነድ ብሎ ጨሰ፤ ጎረቤት ምን ሸተተ ይላል ብዬ በውኃ አጠፋሁት። ደብቂው ነበር ያሉኝ። የት ልደብቀው? አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ ነው ያለኝ።

ዘጠኝ ሰው አዳንኩ ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እራት አልበላሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የሰብሳቢው መልክተኛ ጠዋት መጣ። ደብተሩ ጠፋ ለማለት ሌሊቱን ሙሉ ቃሌን ሳሰማምር አድሬያለሁ። አላስጨረሰኝም። «ተዉት፣ የኛ ቀበሌ ሽግሽግ አልቋል፣ አያስፈልግም ብለዋል» አለና ሄደ። አያስፈልግም! ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በእረፍት ሰዓት እናኑ መጣች። ስንቋ ግማሽ ነው። እስከ ፋሲካ ከተማረች እንኳ ትልቅ ነገር ነው አለችኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው የተናገረችው። አያቷ ከቅዳሜ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። እህል አይሉም፣ አይናገሩም። ትናንት ማታ አንዴ ብቻ ተናገሩ፦ «ያን ገጼን አምጪና አንብቢልኝ። መሬቱን እንኳ ወሰዱት፤ እዚያ ላይ ያለውን አይወስዱትም።»

«ቲቸር፣ ገጻቸውን ብቻ ልገልብጥላቸው? ደብተሩን አላወጣውም። ከቃላቸው አንድ እንኳ እንዳላጎድል ነው» አለች። የኔን ሕግ ነው የምትነግረኝ።

ደብተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ዳይሬክተሩ ዘንድ ነው አልኳት። ራሴ ገልብጬ ነገ እሰጥሻለሁ አልኳት። አመሰገነችኝ። ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል።

አሁን ነጭ ወረቀት ፊቴ ነው። ስለ ግብሩ የተናገሩትን ላስታውስ እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ የእሳቸው ቃል ሳይሆን የእኔ ነው። ስለ ከበሮውም እንደዚያው። ልጽፍ እችላለሁ፣ አሳምሬ እጽፋለሁ፣ እሳቸውም ምናልባት አይለዩትም። እናኑ ግን ትለያለች።

ቃል በቃል የማስታውሳት አንዲት አረፍተ ነገር ናት። እሷን ጻፍኳት፦

«ወድጄ አይደለም፣ ተራዬ ደርሶ ነው ጭቃ ሹም የሆንሁ።»

ከሷ በታች ያለው ባዶ ነው። እናኑ ነገ በአራት ሰዓት ትመጣለች።