ሽታ የሌለው ቤንዚን

ጥር 7፣ ሐሙስ። ከቀኑ 7 ሰዓት።

የጠዋቱ የአውቶቡስ ዙሬ አልቋል። ተማሪዎቹ ት/ቤት ገብተዋል፤ አውቶቡሱ እስከ 8 ተኩል አይፈልገኝም። ጋራዥ ነኝ። ውጭው አጥንት ይሰብራል። በሩ ዝግ ነው።

የዴል መኪና፣ ሼቬሏ፣ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። የ1969 ሥሪት፣ ቀይ፣ ጉልበቷ የጎረምሳ። ዴል ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እሷን መውደድ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ሁለት አምጥቶ ምረጥ አለኝ። ትልቁ፣ ስምንት መቶ ሃምሳ የሚሉት፣ አየር እንደ ጉድ ይውጣል። የዴል ዓይን እሱ ላይ ነው፤ ኮፈን ሲከፈት ያምራላ። ይኼ ለውድድር ሜዳ እንጂ ለከተማችን ለቡርንስቪል መንገድ አይሆንም፣ መብራት ላይ ቆማ ስትነሳ ትታፈናለች አልኩት። ትንሹ፣ ስድስት መቶ ሃምሳው፣ ይበቃታል። ተጨቃጨቅን። አኮረፈ። ቆይቶ እሺ አለ። የሚያምነው እኔን ሳይሆን አፍንጫዬን ነው። ስሜን ትቶ “ዘ ኖዝ”፣ አፍንጫው፣ ይለኛል። ጭሱን አሽትቼ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ አንሶታል ስል ተሳስቼ አላውቅም።

ትንሹን ገጠምኩ። በሩን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጋ ጎንበስ ብዬ በአፍንጫዬ ሳብኩ። ምንም። ደግሜ ሳብኩ። ብርድ ብቻ። ከገና በኋላ የያዘኝ ጉንፋን ነው መቼም። ያልፋል።

ጥር 12፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 6 ተኩል።

አላለፈም። ዛሬ ራሴን ፈተንኩ። ትርሲት ተኝታለች፤ ባለቤቴ ሜፕልዉድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ቀን ነው እንቅልፏ። ወጥ ቤት ገብቼ እንደ ሌባ ቆርቆሮ እየከፈትኩ ማሽተት። ነጭ ሽንኩርት፣ የለም። ኮምጣጤ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ሽታው ግን የለም። የጉንፋን ቅባቱ አፍንጫዬን አቀዘቀዘው፣ በቃ። መጨረሻ ጋራዥ ወርጄ የቤንዚኑን ጀሪካን ከፈትኩ። ውሃ ነው። ደብተሬ፣ ያኔ ፈራሁ።

ለትርሲት ልንገራት? ብነግራት ጋራዡ ዛሬውኑ ተዘጋ ማለት ነው። መኝታ ቤታችን ከላዩ ነው። ቤንዚን ላይ ነው የምንተኛው እያለች ስንት ዓመት ለፈለፈች። እውነቷን ነው። ግን አውቶቡሱ የት/ቤቱ ነው፣ ቤቱም የባንክ ነው፣ ይኼ ጋራዥ ብቻ ነው የኔ። ዝም እላለሁ። ለጊዜው።

ጥር 14፣ ሐሙስ። ምሽት 1 ሰዓት።

ትርሲት ሥራ ከመሄዷ በፊት ምንቸት አብሽ ሠራች። እንዴት ነው አለችኝ። እንዳትጠረጥር ብዬ አበዛሁት፤ ቅቤው ልዩ ነው፣ ኮሰረቱ ደርሶበታል አልኩ። የተሰማኝ ጨውና ማቃጠል ብቻ ነው። ጉርሻዋን በእጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ደስ ያላት መሰለኝ።

ከዚያ የሚገርም ነገር። ልትወጣ ስትል ሻይ ይዛ ጋራዥ መጣች። እግሯን የማታስገባበት ቦታ ነው፤ ሽታው ራሴን ያመኛል ትል ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፣ ዞር ዞር ብላ አየች፣ ሄደች። ሻዩ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል። ቅርንፉድ ይኑረው አይኑረው እግዜር ይወቅ።

ጥር 17፣ እሁድ። ከሰዓት።

ዴል መጣ። በጆሮና የሞተሩን የአየር ስበት በሚለካ ጌጅ ነው የሠራሁት። ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች በካቻቢቴ ተራ በተራ፣ የጌጁ ቀስት ከፍ እስኪል፣ ሚኒሞው፣ ቆማ ስትሠራ ያለው ዙር፣ እስኪለሰልስ። ቆንጆ መጣች። ዴል ግን አልረካም። አፍንጫህስ ምን አለ? አለኝ። ጎንበስ አልኩ። ቀና አልኩ። ትንሽ በዝቶበታል አልኩት። ብሎኑን ለይስሙላ ነካ አደረግኩ። ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ዋሸሁት። በዚህ ዕድሜዬ ትያትር። ራሴን ጠላሁ።

ትርሲት ዛሬም ከሻዩ ጋር። በየቀኑ ሆኗል። ሌሊት ደግሞ ከሥራ በዕረፍቷ ትደውላለች፤ ምን ትሠራለህ፣ ተኛህ? ቻው። ምንም ቁም ነገር የለውም። ትሰልለኛለች ወይስ ፍቅሯ ታደሰ? ስቄ ነበር። ዛሬ ግን በሩን ከፍታ ስትቆም ብርድ አስገባሽ ብዬ ጮህኩባት። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ጥር 21፣ ሐሙስ። ምሽት 2 ሰዓት።

ደብተሬ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሼቬሏ ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር። ካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ነው ብዬ ፈትቼ ገጠምኩት። ሞተሩን ሳላስነሳ ልሙላው ብዬ የቤንዚን ጠርሙስ ከኮፈኑ ላይ ሰቅዬ ቧንቧውን ከፈትኩ። በብርዱ ጣቴ ደነዘዘ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ልሰካ ዞርኩ።

በሩ ተከፈተ። ትርሲት፣ ሻይ ይዛ። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። “አትሰካው” አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። “የቤንዚን ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆሻሻ ነገር መዝጊያውን ይዞት፣ ቤንዚኑ ካርቡራተሩን ሞልቶ በሞተሩ ላይ ፈስሶ ከእግሬ ሥር ተኝቷል። ሶኬቱ በእጄ ነበር። የጠርሙሱን ቧንቧ ዘጋሁ። እሷ ትልቁን በር ልትከፍት ሄደች፣ የኤሌክትሪኩን አዝራር ግን አልነካችም፤ ብልጭታ አለውና። በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀይ ገመድ ስባ በሩን በእጇ አነሳችው። ማን አስተማራት?

በረዶው ላይ ቆመን፣ እኔ በሹራብ፣ እሷ በሥራ ልብሷ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ያን ዕለት ምንቸት አብሹ ቅቤ አልነበረበትም። ቅቤ አልቆባት በዘይት ነው የሠራችው፤ ይቅርታ ልትለኝ ስትል እኔ ኮሰረቱን አመሰገንኩ። ያኔ ገባት። የቀዩን ገመድ ነገር መጦሪያው ውስጥ ጥገና የሚሠራውን ሰውዬ ጠይቃ ነው የተማረችው። ሻዩ ሻይ አልነበረም። ልታሸት ነበር የምትመጣው።

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አንተ እስክትነግረኝ አለች። ሌሊት የምትደውይውስ? እንባዋ መጣ። ስልኩን ማንሳትህን ልሰማ ነው አለች።

አፈርኩ።

ጥር 22፣ ዓርብ። ምሽት።

ጠዋት ዴል ጋ ሄድኩ። አፍንጫዬ ሞቷል፣ እሁድ የነገርኩህም ውሸት ነው አልኩት። ቡና ልቅዳልህ ወይ አላለም። ቆይቶ በስሜ ጠራኝ፤ ዘ ኖዝ አላለኝም። ያ ከስድብ ይበልጥ አመመኝ። ከሰዓት ሼቬሏን በረዶው ላይ እየገፋን ወደሱ ጋራዥ አሻገርናት። ያን ትልቁን ካርቡራተርም በጉያው ይዞ ሄደ፤ ነገ መግጠሙ አይቀርም። ጀሪካኑንና ጠርሙሱን እሱው ወሰደ። የጋራዡን ቁልፍ ለትርሲት ሰጠኋት። አልጠየቀችኝም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ሽታው ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ካልተመለሰ ካርቡራተር አልነካም፤ ቆርጫለሁ።

አሁን ዴል ከማዶ አስነስቷታል። እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ሚኒሞው ተዛብቷል፣ ታነክሳለች። ግራውን ብሎን ትንሽ ቢመልሰው። እግሬ ተነስቶ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ።

ጋራዡ ባዶ ነው። ሲሚንቶው ላይ የሻዩ ብርጭቆ ስብርባሪ ቀርቷል፤ ነገ ቁልፉን ለምኜ እጠርገዋለሁ።

ስልኩ ጠራ። ትርሲት ናት፣ ዕረፍቷ ደርሷል። ቤቱ ውስጥ ጠብታ ቤንዚን እንደሌለ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ትደውላለች? ላንሳው።