ከ18 በኋላ ይሻለኛል

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ
ቀኑን ሙሉ ጌም ስጫወት ዋልኩ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። የጌሙን ምስል የሚያወጣው አዲሱ ግራፊክስ ካርዳችን ሁለት ሰዓት ሲሠራ 84 ዲግሪ ደረሰ፤ ማራገቢያውም ጆሮ ይበሳል። ለመሐንዲሶቹ ጻፍኩላቸው። አይወዱኝም።
ሽያጩ 18 ይጀመራል። ቀኑን የምናውቀው ሰባት ሰዎች ብቻ ነን። ማዶዎቹ ከሰሙ የራሳቸውን ካርድ ቀድመው ያወጡና የዓመት ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። «ማዶዎቹ» ተፎካካሪዎቻችን ናቸው... ታላቅ ወንድሜም እዚያ ነው የሚሠራው።

መጋቢት 8፣ እሑድ
ምሳ እማዬ ቤት። እንደ ደንባችን ስለ ሥራ አልተወራም። የእማዬ ቀኝ ዓይን ሞራው ሊገፈፍ ነው። ማን ይውሰዳት? ከ18 በኋላ ይሻለኛል አልኩ። ወንድሜ ሰላጣ ጨመረልኝ። 20 ላይ እኔ እንድወስዳት ተስማማን።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ
ማዶዎቹ አዲሱን ካርዳቸውን በ17 እንደሚያወጡ አስታወቁ። በአንድ ቀን ተቀደምን። ካርድ እየሞከሩ የሚጽፉት ሁሉ ፊታቸውን ወደነሱ አዞሩ። አለቃዬ ሰባታችንን ሰብስቦ ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ጠየቀ።
እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም... አላልኩም?

መጋቢት 13፣ ዓርብ
ለወንድሜ ደወልኩለት። አልካደም።
«አንቺ ምንም አልነገርሽኝም» አለ። «ሥራሽ ሳያልቅ ለእማዬም ጊዜ እንደማይኖርሽ አውቃለሁ። «ከ18 በኋላ» ስትዪ ገምቼ ነው።»
«ገምተህ ለአለቆችህ ነገርካቸው?»
«አንቺ ብትሆኚ ዝም ትዪ ነበር?»
ዘጋሁበት። የተናደድኩት በሱ ነው በራሴ?

መጋቢት 16፣ ሰኞ
ለአለቃዬ አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። እባረራለሁ ብዬ መሳቢያዬን ሁሉ ባዶ አድርጌ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ለሚቀጥለው ካርድ፣ ምሳ ላይ የውሸት ቀን ጣል እንዳደርግለት ፈለገ።
«የእናትሽ ግራ ዓይንስ መቼ ነው የሚታከመው?» አለኝ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ
እማዬን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በሰላም ወጣች።

መጋቢት 22፣ እሑድ
እማዬ ለግራ ዓይኗ ማን እንደሚወስዳት ጠየቀች። አለቃዬ ያቀበለኝ ቀን ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣ አለኝ። እውነተኛውን ቀን መናገርም ፈራሁ። ወንድሜ ሳህኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። እሱንም አለቆቹ ልከውት ይሆን?
እማዬ በተራ በተራ አየችን። ከዚያ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ
እማዬ ደወለች። ግራ ዓይኗ ትናንት ታከመ። የወሰዷት ጎረቤቷ ናቸው። ለምን እንዳልነገረችን ጠየቅኳት።
«ቀን ስጠይቃችሁ ትጨነቃላችሁ» አለች።
አፈርኩ። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ እሱም አልሰማም ነበር። ትናንት የት እንደዋለ ጠየቅኩት። ቤቱ። ዕረፍት ወስዶ።
እኔም ዕረፍት ላይ ነበርኩ።